ጠላቱ ከሥዕሉ ውጪ ነው

ሰውየው የመጣው ሊገድል ነው። አሁን ግን ራሱን ለማትረፍ እየተጠማዘዘ ነው። አንድ የከሰል ምድጃ ወደ ፊቱ እየበረረ ይመጣል፤ አመዱ አየር ላይ ተበትኗል። ከጀርባው ቤት የለም፣ ግድግዳ የለም፣ በር የለም። ባዶ ወረቀት ብቻ ነው። ከራሱ በላይ የሕይወት ታሪኩ በቀጫጭን የጃፓን ጽሕፈት ተደርድሯል። ምድጃውን የወረወረውን ሰው ብትፈልጉት አታገኙትም።

ይህን ሥዕል የሠራው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ ነው። በ1847 እና በ1848 በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ካወጣቸው ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ተከታታዩ ሴይቹ ጊሺ ደን ይባላል፤ የታማኝ ሳሙራዮች ታሪክ ነው። ከ50 በላይ ቅጠል አለው። አንድ ቅጠል ላይ አንድ ሰው፣ ከነስሙና ከነታሪኩ።

የጃፓን የእንጨት ህትመት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው የሆኩሳይን ትልቅ ማዕበል ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚያ አላለፍኩም። ትልልቅ ሙዚየሞች ስብስባቸውን ኢንተርኔት ላይ መልቀቃቸው ነው ወደ ኩኒዮሺ የወሰደኝ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አንዱን ሥዕል እከፍታለሁ፤ አጎላዋለሁ፤ ጥግ ጥጉን አያለሁ። አሁን አሁን የእነዚህን ሰዎች ፊት ከአንዳንድ የሩቅ ዘመዶቼ ፊት በተሻለ አውቀዋለሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር።

በ1701 የጸደይ ወር፣ የአኮ ግዛት ገዥ አሳኖ ናጋኖሪ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ወደ ኤዶ የመጡ መልእክተኞችን እንዲያስተናግድ ተመድቦ ነበር። የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት የሚያውቀው ኪራ ዮሺናካ የሚባል በዕድሜ የገፋ ሹም ነው። በሁለቱ መካከል ምን እንደገባ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ቴአትሩ ኪራን ጉቦኛና ባለጌ አድርጎታል። የሆነው ሆኖ አሳኖ አገሩን በሚገዛው የጦር አለቃ፣ በሾገኑ ቤተ መንግሥት ኮሪደር ላይ አጭር ጎራዴውን መዘዘ። ኪራን ግንባሩና ጀርባው ላይ አቆሰለው፤ አልገደለውም። እዚያ ቤት ውስጥ ጎራዴ መምዘዝ ግን በራሱ ከባድ ወንጀል ነው። ሾገን ጹናዮሺ ነገ ዛሬ አላለም። አሳኖ በዚያው ዕለት ሴፑኩ እንዲፈጽም ተፈረደበት። ሆዱን ቀዶ ሞተ።

ግዛቱ ተወረሰ። ወደ 300 የሚሆኑ ባለሟሎቹ ሮኒን ሆኑ፤ ጌታም ቀለብም የሌለው ሳሙራይ ማለት ነው። ኪራ ግን አንዳች አልተቀጣም። በጊዜው ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሁለቱም ይቀጣሉ ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የአኮን ሰዎች ቆሽት ያሳረረው ይህ ነው።

የባለሟሎቹ አለቃ ኦኢሺ ኩራኖሱኬ ምሽጉን ያለ ውጊያ አስረከበ። የጌታው ወንድም የቤቱን ስም እንዲያስቀጥል ደጅ ጠና፣ ለመነ፣ ጠበቀ። አልሆነም። በ1702 ሚስቱን ሪኩን ፈታት፤ ከትናንሾቹ ልጆች ጋር ወደ አባቷ ቤት ሰደዳት። ትልቁ ልጁ ቺካራ አብሮት ቀረ። ኦኢሺ ራሱ የበቀል ዕቅዱን ለመደበቅና የኪራን ሰላዮች ለማዘናጋት በኪዮቶ መጠጥ ቤቶች ሰክሮ ይውል ነበር ይባላል።

በጥር 1703 መጨረሻ፣ በረዶ መሬቱን በሸፈነበት ሌሊት፣ 47 ሰዎች ከሱሚዳ ወንዝ ማዶ ወዳለው የኪራ ቤት ሄዱ። ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ በፊት በር፣ ግማሹ በኋላ በር። በኋላ በር የገቡት አለቃ ቺካራ ነበር። በጃፓኖች የዕድሜ አቆጣጠር 15 ዓመቱ ነው። ከሁሉም ሽማግሌው ሆሪቤ ያሄይ 76 ዓመቱ ነበር። ኪራን ከሰል ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቆ አገኙት። ራሱን ቆረጡ። ከተማውን አቋርጠው 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ሄዱና ሴንጋኩጂ በሚባለው ቤተ መቅደስ፣ ከጌታቸው መቃብር ፊት አስቀመጡት። የጌታቸውን ደም መለሱ። ከእነሱ ወገን የሞተ አልነበረም። ከዚያ ፍርዳቸውን ተቀመጠው ጠበቁ። በመጋቢት 46ቱ በአንድ ቀን ሴፑኩ ፈጸሙ። አንዱ ቀረ፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ኩኒዮሺ ከመወለዱ ወደ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እሱ ታሪኩን ያገኘው እንደማንኛውም የኤዶ ልጅ ከመድረክ ላይ ነው። ሾገናቱ፣ ማለትም የሾገኑ መንግሥት፣ የዘመኑን የሳሙራይ ቤቶች ጉዳይ በቴአትርም በህትመትም ማንሳት ይከለክል ነበር። ስለዚህ በ1748 ቹሺንጉራ የተባለው ድራማ በኦሳካ የአሻንጉሊት ቴአትር ሲቀርብ፣ ደራሲዎቹ ዘመኑን ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን ገፉት። ኦኢሺ ኩራኖሱኬ «ኦቦሺ ዩራኖሱኬ» ሆነ። አሳኖ «ኤንያ ሃንጋን»፣ ኪራ ደግሞ «ኮ ኖ ሞሮናኦ» ተባሉ። ማን እንደሆኑ ያልገባው ተመልካች አልነበረም። ካቡኪ የሚባለው የተዋንያን ቴአትርም ወዲያው ተቀበለው። ሥዕሎቹ ላይ የምናየው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ልብስም ከመድረክ የመጣ ነው።

ኩኒዮሺ ራሱ የሐር ማቅለሚያ ሠራተኛ ልጅ ነው። በ1798 ተወለደ። ለዓመታት ገበያ አላገኘም። በ1827 አካባቢ የቻይና ሽፍቶችን ጀግንነት የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል አወጣና ስሙ ገነነ። ከዚያ በኋላ የጦረኛ ሥዕል ሲባል እሱ ነው። ድመት ይወድ ነበር፤ ሲሥልም ብብቱ ሥር ድመት አይጠፋም ነበር ይባላል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ጦረኞቹን ሳይ ስለ ድመቷ ማሰቤ አልቀረም።

በ1840ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ሌላ ማነቆ አመጣ። የተዋንያንንና የታወቁ የመዝናኛ ሰፈር ሴቶችን ሥዕል ማተም ተከለከለ። አንድ ሥዕል ከሰባት ስምንት የቀለም ህትመት እንዳያልፍ፣ ዋጋውም ከ16 ሞን እንዳይበልጥ ተደነገገ። ሞን የጊዜው ሳንቲም ነው፤ 16 ሞን መንገድ ዳር የሚሸጥ የአንድ ሳህን ሶባ፣ ፓስታ መሰል ምግብ፣ ዋጋ ነበር። ሥዕል ሁሉ በሳንሱር ያልፋል። በእነዚህ ሥዕሎች ጥግ ላይ ሁለት ትናንሽ ክብ ማኅተሞች ታያላችሁ፤ ያዩትና ያሳለፉት መርማሪዎች ናቸው። ታማኝነት ግን መንግሥት የሚወደው ርዕስ ነው። አሳታሚው ኤቢያ ሪንኖሱኬም ኩኒዮሺም በዚህ በር ገቡ። የሰዎቹን ታሪክ የጻፈው ኢፒጹአን ነው፤ ኬይሳይ ኤይሰን በሚለው ስሙ የምናውቀው ሌላው ሠዓሊ።

ኩኒዮሺ እንጨት አልቀረጸም፣ ወረቀት አላተመም። ይህ በዚያ ሙያ ነውር አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው። ሠዓሊው በቀጭን ወረቀት ላይ በብሩሽ ይሥላል። ቀራጩ ወረቀቱን በግንባሩ ደፍቶ በቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፈዋል። ከዚያ ከመስመሮቹ ውጪ ያለውን ሁሉ ይፈለቅቃል። የሠዓሊው ሥራ እዚያው ይጠፋል። ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ እንጨት ይቀረጻል። አታሚው እንጨቱን ቀለም ይቀባል፣ ወረቀቱን ጥጉ ላይ ከተቀረጸችው ምልክት ጋር ያጋጥማል፣ ጀርባውን በቀርከሃ ልጥ በተሸፈነ ክብ ማሻሻ ይፈትገዋል። ቀለም በቀለም እንደዚያ ይደጋገማል። አንድ ፀጉር ያህል ከተዛነፈ ሥዕሉ ይበላሻል።

አጉልታችሁ የሰዎቹን ግንባር እዩ። ፀጉራቸው ከቆዳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ እያንዳንዷ መስመር ለብቻዋ ቆማለች። ያ በብሩሽ የተሣለ መስመር ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በሁለቱም ጎን እንጨቱን እየላገ ያስቀራት ስንጥር ናት። ሥዕሉ ላይ የሠዓሊው ፊርማ አለ፣ የአሳታሚው ምልክት አለ፣ የመርማሪዎቹ ማኅተም አለ። ያቺን ስንጥር ያስቀረው እጅ የማን እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም።

ወደ ሰዎቹ ልመለስ፤ የጻፍኩት ለእነሱ ስል ነው።

የጦረኛ ሥዕል ስንል የምንጠብቀው ጀግናው ጠላቱን ረግጦ ሲቆም ነው። ኩኒዮሺ እዚህ ያንን አልሠራም። አንዱ ሰው የራስ ቁሩን ማሰሪያ እያጠበቀ ነው። አንዱ ላይ የሴት ኪሞኖ ተወርውሮበት በዚያ ባለ አበባ ጨርቅ ውስጥ ተጠላልፎ ይታገላል። አንዱ ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጣል። አብዛኞቹ ጋ ጠላት የለም። የጠላት ዕቃ ነው ያለው፤ ምድጃ፣ ልብስ፣ ፍላጻ። ተኝቶ የነበረ ሰው በድንጋጤ ከአጠገቡ ያገኘውን አንስቶ ሲወረውር ይታያችሁ። የሌሊቱ እውነት እዚያ ውስጥ አለ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ ዕቃው ከየት እንደተወረወረ ስመለከት ነው። አንዳንዴ የመጣው እኔ ከቆምኩበት አቅጣጫ ነው። ተመልካቹ የቆመው ከኪራ አሽከሮች ጋር ነው ማለት ነው።

ይህን ኩኒዮሺ አስቦበት ይሁን አይሁን፣ እኔ ከሥዕሎቹ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ታማኝነትን ለማክበር ተሠርተዋል። ያከበሩት ግን አንድ ወገን ታማኞችን ብቻ ነው። በዚያ ሌሊት ከኪራ ቤት 16 ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሎች ከ20 በላይ ቆስለዋል። እነሱም የጌታቸውን በር እየጠበቁ ነበር። ከእንቅልፋቸው ተነስተው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ምድጃ ወርውረው የታገሉት እነሱ ናቸው። ለጌታው የሞተ ሁሉ ጀግና ከተባለ፣ መጀመሪያ የሞቱት እነሱ ነበሩ።

ኪራ በማደጎ ልጅነት ያሳደገው የልጅ ልጅ ነበረው፤ ዮሺቺካ ይባላል። ወጣት ነው። በዚያ ሌሊት መሣሪያ ይዞ ተዋጋ፣ ቆሰለ። በኋላ ሾገናቱ ቤቱን ወረሰና ወደ ሱዋ በግዞት ላከው። በ1706 እዚያው ሞተ። አያቱን ለማዳን ቆስሎ የተቀጣ ልጅ ነው። የታማኞች ሥዕል ሲቆጠር ስሙን የሚያነሳ ብዙ ሰው የለም። ይህ ያንገበግበኛል።

ከአንድ ወዳጄ ጋር በዚህ ነገር ስንት ጊዜ ቡና ላይ ተከራክረናል። እሱ የሕግ ሰው ነው። «ወንበዴዎች ናቸው፤ በሌሊት ሰው ቤት ገብቶ ሽማግሌ መግደል ምን ጀግንነት አለው?» ይላል። የሚገርመው ክርክራችን አዲስ አይደለም። በጊዜው የነበሩ የጃፓን ሊቃውንትም በዚሁ ተከፋፍለው ነበር። ኦግዩ ሶራይ የሰዎቹ ጽድቅ የግላቸው ነው፣ ሕግ ግን የሁሉ ነው ብሎ ሴፑኩ እንዲፈጽሙ ደገፈ። በክብር ይሙቱ፣ ግን ይሙቱ። ሳቶ ናኦካታ ከዚህም አልፎ ሄደ። አሳኖን የገደለው የሾገኑ ፍርድ እንጂ ኪራ አይደለም፣ ስለዚህ የሚመለስ ደም የለም አለ። በሌላ በኩል ደግሞ የሳጋው ሳሙራይ ያማሞቶ ጹኔቶሞ የወቀሳቸው በመዘግየታቸው ነው። ኪራ በመሀል በበሽታ ቢሞትስ ምን ሊያደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀ።

የናኦካታ ነጥብ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ፍርዱን የሰጠው ሾገኑ ነው። ሾገኑን መንካት አይቻልም። ስለዚህ ቁጣው ሁሉ ሊደርሱበት የሚችሉት ሰው ላይ ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር ስንት ቦታ አይተናል?

የእኔ ጉዳይ ግን ሕግ ብቻ አይደለም። አባቴ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። የሚወደው አለቃው ያለ ጥፋቱ ከሥራ ተባረረ። አባቴም «እሱ በወጣበት በር እኔም እወጣለሁ» ብሎ ለቀቀ። ሰፈራችን ውስጥ ይህ ለዓመታት ተወራ። ሰው ወዳድ፣ ቃሉን የሚያከብር፣ ወንድ ነው ተባለ። እኔም ኮርቼበታለሁ፤ ዛሬም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ያሳደገችን እናቴ ናት። ስለ እሷ ታማኝነት ሰፈሩ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ የኦኢሺን ታሪክ ሳነብ ቶሎ ሪኩ ጋ ነው የምደርሰው። ባሏ የፈታት እሷንና ልጆቹን ከቅጣት ለማራቅ ነው ይባላል። የበኩር ልጇንም በዚያው አጣችው። የሌሎቹም ሮኒኖች ቤተሰብ አልተረፈም። 15 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆቻቸው ወደ ኦሺማ ደሴት እንዲጋዙ ተፈረደባቸው። ምሕረት የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ከባዶው ወረቀት ውጪ ነው ያለው፤ ከምድጃው ወርዋሪ ጋር።

ይህን እያወቅኩም ሥዕሎቹን መውደዴን አልተውኩም። ምክንያቱን ብዙ አስቤበታለሁ። ኩኒዮሺ ሰዎቹን በጅምላ አላቀረባቸውም። አርባ ሰባት የሚለው ቁጥር ሰውን የሚውጥ ቁጥር ነው። እሱ ግን አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ከሲታ፣ አንዱን ሽማግሌ፣ አንዱን ገና ጢም ያላበቀለ አድርጎ ሠራቸው። አንዱ ይፈራል። አዎ፣ ይፈራል፤ ዓይኑ ላይ ይነበባል። በ1852 ደግሞ እነዚህኑ ሰዎች በምዕራባውያን አሣሣል፣ ፊታቸው ላይ ጥላና ብርሃን እየጨመረ እንደገና ሊሠራቸው ሞከረ። አሥራ ሁለት ያህል ከወጣ በኋላ ቆመ። ገዢው አልወደደውም። እኔ ግን እነዚያን ፊቶች እወዳቸዋለሁ። መስመር ብቻውን አልበቃው ያለ ሠዓሊ ይታየኛል።

ሥዕል ግን በሠሪው እጅ አይቀርም። በ1868 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ወደ ሴንጋኩጂ መልእክተኛ ልኮ የኦኢሺን ታማኝነት አሞገሰ። ሾገናቱ የቀጣውን ሰው አዲሱ መንግሥት አከበረ። በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት ታሪኩ ለትምህርት ቤትም ለጦር ሠራዊትም አገለገለ። ለጌታ መሞት ለንጉሠ ነገሥቱ መሞት ሆነ። ከ1945 ሽንፈት በኋላ አሜሪካኖቹ ቹሺንጉራን ከካቡኪ መድረክ ለጊዜው አገዱት፤ በ1947 ተመለሰ። አንድን ድራማ እስከዚህ መፍራታቸው በራሱ ይናገራል። ዛሬም በየዓመቱ ታኅሣሥ 14፣ በድሮው የጃፓን አቆጣጠር ጥቃቱ በተፈጸመበት ቀን፣ ሴንጋኩጂ በሰው ይሞላል፤ የዕጣኑ ጭስ መቃብሮቹን ይሸፍናል።

አሁን ወደቀረው ሰው። ቴራሳካ ኪቺዬሞን ይባላል። ከ47ቱ በማዕረግ ዝቅተኛው ነው፤ ተራ እግረኛ ወታደር። ከጥቃቱ በኋላ ከቡድኑ ተለየ። አንዳንዱ ሸሸ ይላል፤ ሌላው መልእክት አድርስ ተብሎ ተላከ ይላል። ሾገናቱ አላሳደደውም። በ1747 አርጅቶ፣ በ83 ዓመቱ ሞተ። ድራማው ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው። ያንን ሌሊት በዓይኑ ያየ ሰው ከ40 ዓመት በላይ በሕዝብ መካከል ኖሯል ማለት ነው፤ ሰዉ ሁሉ ስለ ጓደኞቹ ሲያወራ እየሰማ።

እሱ በሞተ ልክ በመቶ ዓመቱ የኩኒዮሺ ሥዕሎች መውጣት ጀመሩ። ቴራሳካም ገብቶባቸዋል፤ ከድራማው በመጣው ስም ቴራኦካ ሄይዬሞን ተብሎ። ቅጠሉ ከኦኢሺ ቅጠል አያንስም። ልብሱም ያው ባለ ጥርስ ጥለት ነው። ከራሱ በላይም እንደ ሌሎቹ ታሪኩ ተጽፎለታል። በሕይወቱ እንዲህ ከአለቆቹ እኩል ተቆጥሮ አያውቅም። ኤዶ ውስጥ አንድ ሳህን ሶባ የሚበላበት ሳንቲም ያለው ሰው፣ ከፈለገ ኦኢሺን ትቶ እሱን ገዝቶ ቤቱ መስቀል ይችል ነበር። እኔ ብሆን የምገዛው እሱን ነው።